የቤት ቁጥር

ዘነቡ «ልጅቷ አትረባም» ስትል በአንድ ቃል ያመኗት ሰዎች፣ «ጎበዝ ናት» ስትል ማስረጃ አምጪ አሏት። ከሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነው። እድር ላይ ዘነቡ ከተናገረች ጸሐፊው ደግሞ አይጠይቃትም፤ ገበያ ላይ ሽንኩርቱን «የከረመ ነው» ካለች ሻጩ ራሱ ይደነግጣል። ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ቃሏን የሚያስደግማት ሰው አታውቅም ነበር። ፊደል የቆጠሩትንም ቢሆን ሲዋሹ እንጂ እውነት ሲናገሩ አላየችም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ትላቸዋለች።

ነገሩ የሐሙስ ዕለት ነው። ልጇ ቦጋለ ሌሊቱን ፋብሪካ አድሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ፣ ሬዲዮኑ ሥር የተቀመጠ ፖስታ አገኘ። ያስቀመጠችው ልጁ መቅደላዊት ናት፤ ማታ ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ፣ ለአያቷ ትንፍሽ ሳትል ሬዲዮኑን አንስታ ከሥሩ አድርጋው ተኛች። ጠዋትም ዘነቡ ሳትነሳ ወጥታ ሄዳለች፤ ዳቦዋን አልነካችውም። እንዲህ ከሆነች ሦስተኛ ቀኗ ነው። «ብይ» ሲሏት «እሺ»፣ «ምን ሆንሽ» ሲሏት «ምንም»። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ አያቷ እቅፍ ውስጥ ያደገች ልጅ፣ አሁን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ዘነቡን ላለመንካት ጎኗን ሰብስባ ታልፋለች።

ቤቱ አንድ ክፍል ተኩል ነው። በመጋረጃ የተከለለችው ግማሿ የመቅደላዊት ናት። እዚያ አልጋ አለ ከማለት ጥገና ቤት አለ ማለት ይቀላል፤ የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ገመዱ የተበላ ካውያ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ። ለአንድ ምድጃ ሦስት ብር ይሰጧታል፤ ያልሰጧትንም ትሠራላቸዋለች። የምትማርበት የሙያ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፤ ዘጠና ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት፣ እነሱንም ከየቦታው በፈተና ለቅሞ ነው ያስገባቸው። ኤሌክትሪክ የሚማሩት ሴቶች እሷና አንዲት ሌላ ናቸው። በዚያ ሁሉ ለቀማ ውስጥ መቅደላዊት ሁለት ዓመት አንደኛ ወጣች። ሌላ አያት ብትሆን ካርዱን መስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ትሰቅለው ነበር። ዘነቡ ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር ቀበረችው። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት «ምኗ ተገኝቶ» ትላለች። ምድጃ አሠርቶ የሚወጣውን በር ላይ ይዛ፣ ማን እንደሠራልህ ለማንም እንዳታወራ ትለዋለች። ሰፈሩ ቡዳ ፈርታ ነው ይላል። ቡዳ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ቡዳ የቤት ቁጥር አይመዘግብም።

ቦጋለ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆሞ አነበበ።

«ምን ይላል?» አለችው ዘነቡ።

ድምፁን ሳያነሳ አነበበላት። አሳዳጊዋ ወይዘሮ ዘነቡ በሰጡት ቃል መሠረት፣ የተማሪ መቅደላዊት ቦጋለ ውጤት በኩረጃ የተገኘ መሆኑ ስለተጠረጠረ፣ ኮሚቴው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ይወስናል። ከተረጋገጠ ቦታዋን ተጠባባቂ ለሆነ ተማሪ ትለቃለች። የሚናገር ወላጅ ካለ ከዚያ በፊት ይቅረብ።

«ኩረጃ ምንድን ነው?»

ቦጋለ ቀና ብሎ አያት። «አታውቂውም?»

«ባውቀው እጠይቅሃለሁ?»

«ስርቆት ነው እማዬ። የሌላ ልጅ ፈተና እያዩ መገልበጥ። ያስባርራል።»

ዘነቡ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። ባለፈው ሳምንት ክላሰር የያዘ ወጣት መጥቶ ነበር። ቦጋለ ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ መዝገቡ ላይ አሳዳጊ ተብላ የተጻፈችው እሷ ናት፤ ወጣቱም የፈለገው እሷን ነው። ትሑት ነው። ጫማውን በር ላይ ጠረገ፣ «እናቴ» አላት። ለትምህርት ቤቱ መሣሪያ የሚረዱ ሰዎች ልጆቹ የእነማን ልጆች እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋሉ አላት። የቤት ቁጥር ጠየቀ። ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ ጠየቀ። «ብሔረሰብ?» ሲላት «ላፍቶ» አለችው፤ ሰፈር አይደለም የጠየቅሁት ቢላት «እንግዲያው ክርስቲያን» አለችው፤ ሳቀና ሰረዝ አድርጎ አለፈው። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ብዕሩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ «አንደኛ ነው የምትወጣው፤ በጣም ጎበዝ ናት አይደል?» አላት።

የፈራችው እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ ክላሰር ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ አይታለች። «እሷ? ምን አባቷ ታውቃለች» አለች። «ደብተር ስትገልጥ አይቻት አላውቅም። ኮርጃ ነው እንጂ።» ቃሉን የሰማችው ከሰፈር ልጆች ነበር። ካርድ የተቀበሉ ቀን እየተሳሳቁ «ኮርጄ አለፍኩ» ሲባባሉ፣ እንዲያው በዕድል፣ በለብ ለብ ማለት ይመስላት ነበር። ወጣቱ ብዕሩን ጠቅ ማድረግ አቆመ። «ይህን ቃልዎን ልጻፈው?» አላት። «ጻፈው» አለች፣ ያመለጠች መስሏት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስረገጣት። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለት ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ቦጋለ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፎ ሬዲዮኑ ሥር መለሰው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ያን ጊዜም አንቺ ነሽ የተናገርሽው» አለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ያልተባለ ቃል ነበር። ያኔም፣ የተማረ ወጣት በሚታደንበት ዘመን፣ የመጣው ሰው ክላሰር ይዞ፣ ትሑት ሆኖ ነበር። ልጅሽ ነጋ ስንተኛ ክፍል ነው አላት። ዘነቡ ደረቷን ነፍታ፣ አሥራ ሁለተኛ ነው፣ አንደኛ ነው የሚወጣው፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የሚያስጠናው እሱ ነው አለችው። ሰውየው ጻፈ። ቀና ብሎ ከበሩ ላይ የቤቱን ቁጥር አየና ከስሙ አጠገብ አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲመጡ፣ መንገድ ላይ ማንንም አልጠየቁም። ቀጥ ብለው መጡ። ነጋ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ አንዱን እግር አስሮ ሌላውን ሳያስር ወሰዱት። ቦጋለ በዚያን ጊዜ ከሥራ ገብቶ ተኝቶ ነበር፣ ልክ አሁን እንደሚተኛው። ሲነሳ ወንድሙ የለም፤ ከዚያም አልተመለሰም። ማን ምን እንደተናገረ ጎረቤት ነገረው እንጂ እናቱ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

አሁንም ቦጋለ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተጋደመ። ዘነቡ «አንተ ሂድላት» ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጣት የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው ሄዶ አያነሳውም። ነጠላዋን አጣፋች፣ እጇን ሬዲዮኑ ሥር ሰዳ ወረቀቱን ያዘች፣ በሩን ሳታጮህ ዘግታ ወጣች።

ውይይት ታክሲው ሂሳብ መጨመሩን የሰማችው ከተቀመጠች በኋላ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ረዳቱን ከነዘሩ በስድብ ታጥበው ነበር፤ ያን ቀን ዝም ብላ ከፈለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት ጤፍ ሁለት መቶ ሃምሳ ገባ፣ ሰው ምን ሊበላ ነው እያለች ታወራታለች። ዘነቡ ለሁሉም «አዎ» ትላለች። በልቧ ሌላ ነው የምታሰላው። ዝም ብትል ልጅቷ ዛሬ በስምንት ሰዓት ሌባ ትሆናለች፤ ያ ሁሉ ገመድና ብሎን አልጋ ሥር ይቀራል። ብትናገር ደግሞ ጎበዝ የሚለውን ቃል ሄዳ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በራሷ እግር ወረቀት ላይ ልታስቀምጠው ነው። የቱ እንደሚያስፈራት መለየት አቃታት። ከታክሲው ስትወርድ፣ ፍርሃቷን ሰው እንዳያይባት የነጠላዋን ጥለት የምታስተካክል መሰለች። ከዚያ ወደ ለቡ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ፣ አጨዳው ባለቀ ማሳ ዳር ለዳር ሄደች። ከኋላዋ መኪና በመጣ ቁጥር ትቆማለች። አቧራውን አልብሷት ሲያልፍ ትቀጥላለች። ዘጠኝ ጊዜ ቆማለች፤ ቆጥራዋለች። ፊደል እንጂ ቁጥርስ ማንም አያታልላትም።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሮበሌ ይባላል፤ በሰፈሩ መሬት የነበረው ገበሬ ነው፣ አሁን የመንግሥት ካፖርት ለብሶ ይቆማል። ወላጅ ነው የተጠራው፣ እርስዎ አያት ነዎት አላት።

«አባቷን ማን ወለደልህ? ጎረቤት?»

ሮበሌ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የጥሪውን ወረቀት ጠየቃት። ሰጠችው። ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመብራት ቢል ነው።»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሬዲዮኑ ሥር ሁለት ወረቀት እንደነበር አሁን ገባት። ማንበብ እንደማትችል ሮበሌ አወቀ፤ ዓይኑ ላይ አየችው። አንገቷን ቀና አደረገች። «ልጅቷ የምትማረው መብራት ነው። ምን አነሰው?»

ያን ጊዜ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ከፈተላት፤ «ዲሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ እዚያ አግዳሚው ላይ ይጠብቁ» አላት።

አግዳሚው ከወርክሾፑ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ውስጥ መምህሩ ስም ይጠራል። አንዱ ስም የወሎ፣ አንዱ የጉራጌ፣ አንዱ የዚሁ የአካባቢው፣ አንዱ የእስላም፣ አንዱ የት አገር እንደሆነ ዘነቡ የማታውቀው። የሁሉም ቱታ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው በየሰሌዳው ላይ ገመድ ያያይዛሉ። መቅደላዊት ብቻዋን ነበረች። የአባቷን አሮጌ ቱታ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ፣ አንዱን ገመድ በጥርሷ ይዛ፣ ሌላውን በእጇ ትጠመዝዛለች፤ አጠገቧ ባዶ በርጩማ አለ። ትናንትና እዚያ ላይ ሰው ይቀመጥ እንደነበር ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ልጅቷ ቀና አለችና በመስኮቱ አያቷን አየቻት። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ቶሎ ብላ አንገቷን ደፋች፤ የደበቀውን ሰው ላለማጋለጥ ዓይኑን ከመደበቂያው እንደሚያነሳ ሰው።

ዲሬክተሩ አቶ ፊሊጶስ ስምንት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው አስገባት። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ ከሲታ፣ የሸሚዙ አንገት በሌላ ክር የተጠገነ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ይህ አላስደሰታትም፤ ትሑት ሰው ትፈራለች። ጠረጴዛው ላይ እንደ ገበታ ጨርቅ የሰፋ ወረቀት ተዘርግቷል። ከዘጠና ስድስቱ ሴቶች አሥራ አራት፣ ከየወረዳው ይህን ያህል፣ ከየብሔረሰቡ ይህን ያህል፣ ያልታወቀ አንድ። ያቺ አንድ የእርስዎ ልጅ ናት ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች አወረደ። አሳዳጊዎቻቸው አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ልጆች ውጤታቸው ተደምሮ ሲካፈል ሰባ አንድ ይመጣል። እስከ ስምንተኛ የደረሱት ስልሳ አራት። ምንም ያልተማሩት ሃምሳ ሁለት። «እዚህ መስመር ላይ ግን አንድ ዘጠና አራት አለ» አለ። «ወረቀቱን ያየ ሁሉ ስህተት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ስለዚህች ቁጥር ነው።»

«እኔ ስላልተማርኩ እሷ ሌባ መሆን አለባት ነው የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም እማማ። ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ክላሰሩን ከፍቶ አዞረላት። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ማንበብ የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷ አውራ ጣት፣ ሐምራዊ፣ መሃሉ ላይ የልጅነቷ የማጭድ ጠባሳ ያለበት። ዘወር ብላ በሩ መዘጋቱን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎበዝ ናት» አለች። «ከልቧ ነው የምታጠናው። እኔ የተናገርኩትን ተወው።»

ዲሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ በቃል ብቻ ሊተወው እንደማይችል፣ ኮሚቴው ማስረጃ እንደሚፈልግ ነገራት። ሌባ ናት ስላችሁ ምን ማስረጃ ጠየቃችሁኝ አለችው። ሰኞ ዕለት ለልጅቷ ዕድል ሰጥቷት እንደነበር ተናገረ፤ ብቻዋን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አዲስ ፈተና ሰጥተዋት ነበር። ባዶ ወረቀት መለሰች።

«ባዶ? ለምን?»

«መምህሩ መጀመሪያ ‹ኮርጀሻል ወይ?› ብሎ ጠየቃት። ‹አያቴ ምን አለች?› አለችው። የእርስዎን ቃል አነበበላት። ‹አያቴ ውሸታም አይደለችም› ብላ ብዕሩን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም።»

ዘነቡ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስቱ ቀን፣ ያልተነካው ዳቦ፣ ጎን ሰብስቦ ማለፉ፣ ሁሉም በአንዴ መጣባት። ተቀይማኝ ነው ብላ ነበር። ውጭ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ደነገጠች። ኮሪደሩ ላይ የብዙ ጫማ ድምፅ መጣ፣ በሩ አጠገብ ደረሰ፤ አለፈ። ምሳቸውን በልተው የሚመለሱ ልጆች ነበሩ።

«አያቷ ውሸታም ናት» አለች። «እንዲህ ብለህ ጻፍ። ኩረጃ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፣ ማንበብም አትችልም፣ ሰነፍ ናት ብላ የዋሸችው አውቃ ነው ብለህ ጻፍ። ልጅቷን ጥራትና ከፊቴ አንብብላት፤ ከዚያ ፈተናህን ስጣት።»

«ለምን ዋሹ?»

ነገረችው። በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ ክላሰሩን፣ አንደኛ ነው የሚወጣው ማለቷን፣ የበሩን ቁጥር፣ ያልታሰረውን ጫማ። ለቦጋለ እንኳ ያልተናገረችውን፣ ስሙን በወጉ ለማታውቀው ሰው ስትናገር ዓይኗ አልረጠበም። ፊሊጶስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ። በዚያ ዘመን እሱም የነጋ እኩያ እንደነበር ከፀጉሩ መሃል ሽበቱን እያየች አሰላችው፤ የተረፈ መሆኑን እንጂ እንዴት እንደተረፈ ግን አልጠየቀችውም።

«አሁን ጊዜው ሌላ ነው እማማ» አለ፣ ሳይዞር።

«ያኔም ጊዜው ሌላ ነው ብለውኝ ነበር።»

ተቀመጠና አዲስ ወረቀት አወጣ። እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል። የቀደመውን የሚያፈርስ ቃል ነው፤ የልጅቷ ውጤት የራሷ ልፋት መሆኑን፣ በትምህርቷ እጅግ ጎበዝ መሆኗን አሳዳጊዋ አረጋግጠዋል አለ። «የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት» ሲል፣ ያው ቁጥር፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በር ላይ ያልተቀየረው ቁጥር፣ ዘነቡ ከወንበሯ ልትነሳ ዳዳትና ተመለሰች። ሰውየው የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ወደ እሷ ገፋላት። ሐምራዊው ስፖንጅ እርጥብ ነበር።

አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«ይርገጡልኝ እንጂ እማማ፤ ኮሚቴው እየተሰበሰበ ነው። የእኔ ስምና ፊርማ ከሥር አለ፤ አይስጉ።»

«ስምህን ምን አደርገዋለሁ? ስም ይቀየራል። ፊርማህንም አላነበውም።» ጣቷን ሳታወጣ በሌላው እጇ ወረቀቱን መልሳ ወደ እሱ ገፋችው። «የእሷን የቤት ቁጥር ጽፈሃል። ከአጠገቡ ያንተን የቤት ቁጥር ጻፍ። ነገ ሰው በዚህች ወረቀት መንገድ ሳይጠይቅ እኔ ቤት ከመጣ፣ እኔም መንገድ ሳልጠይቅ የምመጣበት በር ይኑረኝ። ጻፍ፤ ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም።»